መዝገብ ወይስ ዘመቻ? ያልተቋጨው የጎጃም ጠብመንጃ ጥያቄ

በጎጃም ደጋ መንግሥትና ገበሬ በተኳረፉ ቁጥር ከግብር ቀጥሎ የሚነሣው የጦር መሣሪያ ጉዳይ ነው። በሰው እጅ ያለው ጠብመንጃ ተመዝግቦ፣ ፈቃድ ተሰጥቶበት በቁጥጥር ሥር ይዋል? ወይስ ሠራዊት ዘምቶ በኃይል ያስፈታ? ስለ ኑክሌር ቦምብ የሚካሄደው የዓለም ሙግትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ተቆጣጣሪ ይላክ የሚሉ አሉ፣ ቦምብ ይጣል የሚሉም አሉ።

ለደጋው ገበሬ መሣሪያ ንብረት ነው፤ ክብርም ነው። ምንሽሩና ቤልጅጉ ከአያት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ደግሞ ክላሽ በየገበያው ረከሰ። በሠርግ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይ ይፎከርበታል፣ ሌሊት ከብት ይጠበቅበታል። በዚያው መሣሪያ ደም ይመላለሱበታል፤ ሽፍታ መንገደኛ ያግትበታል። ስለዚህ ቁጥጥር የሚያስፈልግ መሆኑን ገበሬው ራሱ አይክድም። የሚጠይቀው “ማን ይቆጣጠረው? የእኔን ፈትቶ የጎረቤቴን ቢተውስ?” ብሎ ነው።

ከጣሊያን እስከ ፀሐዩ

ጣሊያኖች ግንቦት 1928 ደብረ ማርቆስ እንደገቡ ሕዝቡን ትጥቅ ማስፈታት ያዙ። መሣሪያ ፍለጋው ከጭካኔ ጋር ስለ መጣ አገሩን አስቆጣ፤ በ1929 ክረምት መገባደጃ አመፁ ጎጃምን አዳረሰ። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው በየአቅጣጫው ተነሡ፤ ወራሪው በከተማና በምሽግ ተወሰነ። ምሽግ በተሰበረ ቁጥር የጣሊያን ጠብመንጃና ጥይት በአርበኛው እጅ ገባ። መሣሪያ ሊቀንስ የመጣው ዘመቻ መሣሪያ አበዛ።

መዝገብም ቢሆን ሁልጊዜ በሰላም አልተቀበሉትም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ዳግመኛ አመፀ፤ ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ማዕከሎች መካከል ነበሩ። ገበሬው በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ ካነሣቸው ቅሬታዎች አንዱ የጠብመንጃ ምዝገባ ነበር። ዛሬ የተጻፈ ነገ ይወሰዳል ብሎ ሠጋ። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር ላከ። በመጨረሻ ግን ጉዳዩን ያበረደው ገዥው መነሣታቸውና የግብር ውዝፍ መማሩ ነው።

አዋጁና ጦርነቱ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የመዝገቡን መንገድ መረጠ። ማን መሣሪያ መያዝ እንደሚችል፣ የትኛው ዓይነት እንደሚከለከል፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ ደነገገ። ብዙ ሳይቆይ ግን የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ አገሩ ሁሉ ታጠቀ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ሌላ መንገድ አሳየ። ጥር ላይ የትግራይ ኃይሎች አጉላዕ ላይ ከባድ መሣሪያ ሲያስረክቡ የአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ቆመው አዩ። ሰጪው መስጠቱን፣ ተቀባዩ መቀበሉን የሚመሰክር ሦስተኛ ወገን ነበር። ተዋጊዎቹን አሰናብቶ ወደ ኑሮ መመለሱ ግን ብዙ ተጓትቷል።

በአማራ ክልል እንዲህ ያለ ምስክር አልነበረም። በ2015 ጸደይ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙዎች “ቀጥሎ የእኛ መሣሪያ ነው” አሉ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ ደብረ ማርቆስንም ነካ።

ከሩቅ የሚገኝ ትምህርት

የኃይል ደጋፊዎች የሚሉት ከንቱ አይደለም፤ የታጠቀ ቡድን ለቀበሌ ጸሐፊ ብሎ መሣሪያ አያወርድም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሳዳም ሁሴን ተቆጣጣሪዎችን መልሶ ያስገባው የአሜሪካ ጦር ደጁ ላይ ሲሰበሰብ ነው። ሰሜን ኮርያ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹን አባረረች፤ በ2006 ቦምቧን ሞከረች።

በሌላ ወገን እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1981 የኢራቅን የኑክሌር ማብላያ ብትደበድብም ሳዳም ሥራውን በስውር አጠናክሮ ቀጠለ። በ2003 የተደረገው ወረራ ደግሞ የተባለውን መሣሪያ አላገኘም። ደቡብ አፍሪካ የሠራቻቸውን ስድስት ቦምቦች በገዛ ፈቃዷ አፈረሰች፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መዛግብቷን መርምሮ አረጋገጠ። ቀድሞ ደቡብ አፍሪካ ከአንጎላ ጦርነት ወጥታለች፤ ኩባም ወታደሮቿን ከዚያ ለማስወጣት ተስማምታለች። ሥጋቱ ሲቀል መሣሪያው ሸክም ሆነ።

ለጎጃም የሚተርፈው ይህ የመጨረሻው ነው። ዘመቻ የሚታየውን መሣሪያ ይወስዳል፤ የተቀበረውን አያገኝም፤ ስንት እንደቀረም አያውቅም። መዝገብም መዝጋቢው ካልታመነ የመውረሻ ዝርዝር ተደርጎ ይታያል። ገበሬው ክላሹን እንዲያስመዘግብ ጎረቤት ወረዳም እኩል መመዝገቡን ማየት፣ ሌሊት ሽፍታ ቢመጣ የሚደርስለት ፖሊስ ማግኘት፣ የተወሰደበትን በፍርድ ቤት መጠየቅ መቻል አለበት። እነዚህ ሳይሟሉ አዋጅ ቢወጣም፣ ጦር ቢዘምትም፣ የጎጃም ገበሬ መሣሪያውን የሚያኖረው መንግሥት በማያየው ቦታ ነው።