የሞላው ታንከር በሌሊት ለምን ጎደለ?
ውሃ በመጣበት ቧንቧ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማድረግ



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ አካባቢ በሚገኝ አንድ አጥቢያ በሥራ ጉብኝታችን ወቅት ያጋጠመን ጉዳይ ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል ብለን ስላመንን በዚህ እትም ልናብራራው ወደድን። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ አጥቢያው ከመሬት በታች በሲሚንቶ የተሠራ ማጠራቀሚያ፣ ከፍ ብሎም በብረት ማማ ላይ የተቀመጠ 5,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር አለው። ውሃው ከታች በፓምፕ ይገፋል፤ ከላይ ደግሞ ወደ ክርስትና ቤቱ፣ ወደ አብነት ተማሪዎች ማደሪያና ወደ መጸዳጃ ቤቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል።

በንግሥ በዓል ዋዜማ ታንከሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ፤ ፓምፑም ቆመ። ማለዳ ላይ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የታችኛው ማጠራቀሚያ ግን ሞልቶ ፈስሶ፣ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ አርሶት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረምና ጥርጣሬው በጥበቃ ሠራተኛው ላይ ወደቀ። አንዱ «ቧንቧ ከፍቶ ረስቶ ነው» ሲል፣ ሌላው «ውሃውን ለሰው ሸጦታል» አለ። ከደመወዙ እንዲቆረጥ ቃለ ጉባኤ ሊያዝ ተቃርቦ ሳለ መስመሩን እንድንመለከት ተጠየቅን። ሰውየው አንዳች ጥፋት አልነበረበትም። ውሃው የተመለሰው በወጣበት ቧንቧ ነበር።

ውሃ ወደ ኋላ የሚመለሰው እንዴት ነው?

ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲቀዳ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። የጎማው አንድ ጫፍ በነዳጁ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ በአፍ ከተሳበ በኋላ ዝቅ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይስበው ነዳጁ የበርሜሉን አፍ ተሻግሮ ይወርዳል። በረጅሙ የጎማ ክፍል የሚወርደው ፈሳሽ ከበስተኋላው ያለውን ይስባል፤ የአየርም ግፊት በርሜሉ ውስጥ ያለውን ወደ ጎማው ይገፋል። ይህ ሲፎን ይባላል።

የአየር ግፊት ውሃን በዚህ መንገድ ከፍ ሊያደርግ የሚችለው በባሕር ጠለል አካባቢ እስከ 10 ሜትር፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ደግሞ እስከ 8 ሜትር ያህል ነው። ውሃው ከታንከር ለመውጣት መሻገር ያለበት ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ስለዚህ ሲፎኑን የሚያቆመው ቁመት የለም፤ ሊያቆመው የሚችለው አየር ብቻ ነው።

በጎበኘነው አጥቢያ ከፓምፑ የሚወጣው ቧንቧ የታንከሩን ጠርዝ ተሻግሮ ወደ ውስጥ በመታጠፍ እስከ ወለሉ ድረስ ይወርድ ነበር። ይህ የተደረገው ውሃው ሲወድቅ እንዳይረጭና ድምፅ እንዳያሰማ ታስቦ ነው። ሆኖም የቧንቧው አፍ በውሃ ውስጥ ስለተቀበረ፣ ፓምፑ በቆመ ጊዜ ያው ቧንቧ ታንከሩን የሚያራቁት ሲፎን ሆነ። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በፓምፑ አጠገብ የተገጠመ ቼክ ቫልቭ ቢኖርም፣ በመዝጊያው ላይ አሸዋ ስለሚያርፍ አንዳንድ ቀን ይዘጋል፣ አንዳንድ ቀን አይዘጋም። ችግሩ አልፎ አልፎ ብቻ መታየቱም ሰው እንዲጠረጠር ምክንያት ሆነ።

ከባከነው ውሃ የሚከፋው

እስካሁን የተመለከትነው ብክነትን ነው። ተመሳሳይ ነገር በከተማው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ጤናን ይነካል። ፈረቃው ሲያበቃና ዝቅ ባለ ስፍራ ያሉ ቤቶች ቧንቧ ሲከፍቱ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል። በዚያን ጊዜ የጎማ ጫፍ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ በሲሚንቶ ማቡኪያ በርሜል ወይም ባልጸዳ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተነክሮ ከተተወ፣ ቧንቧው ያንን ውሃ ወደ ውስጡ ሊስብ ይችላል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀዳ ሰው፣ ምናልባትም ሕፃን የያዘች እናት፣ ከሌላ ግቢ የተሳበውን እድፍ ትጠጣለች።

በዚህ ረገድ በስፋት የሚታወቅ አንድ ምሳሌ አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በዎርሴስተር ከተማ በሚገኘው ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን አባላት በጉበት በሽታ ተያዙ። የታመሙት ወደ 90 የሚጠጉ ስለነበሩ ቡድኑ የዓመቱን ውድድር ለማቋረጥ ተገደደ። በተደረገው ምርመራ፣ በከተማው እሳት ለማጥፋት ብዙ ውሃ በመቀዳቱ የመስመሩ ግፊት ወድቆ፣ በመለማመጃ ሜዳው አጠገብ በጉድጓድ ውስጥ ከነበረ የመስኖ ቧንቧ የተበከለ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው መሳቡ ታወቀ። በዚያ ከተማ ግፊቱ የወደቀው በእሳት አደጋ ምክንያት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ፈረቃው በተለወጠ ቁጥር ይወድቃል።

መፍትሔው

መፍትሔው በቧንቧው አፍና በውሃው መካከል ባዶ አየር መተው ነው። አየር አያረጅም፤ አሸዋም አያደናቅፈውም። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ውሃ የሚያስገባው ቧንቧ አፍ ውሃው ሊደርስበት ከሚችለው ከፍተኛ ልክ በላይ ይሁን። ክፍተቱ ከቧንቧው አፍ ስፋት ቢያንስ እጥፍ፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትርም ያላነሰ መሆን አለበት። እኛ ለጥንቃቄ አራት ጣት እንዲሆን እንመክራለን። የትርፍ ውሃ ማስወጫው ከዚህ አፍ ዝቅ ያለና ከማስገቢያው ቧንቧ የሰፋ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቧንቧውን ወዲያው ማሳጠር ካልተቻለ፣ በታንከሩ ውስጥ ካለው የቧንቧው ክፍል ላይ፣ ከውሃው ከፍተኛ ልክ በላይ፣ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳ። ፓምፑ ሲቆም በቀዳዳው አየር ገብቶ ሲፎኑን ይቆርጠዋል። ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎችም ውሃ ወደ ገንዳው በሚመልሰው ቧንቧ ላይ ይህንኑ ያደርጋሉ። ቀዳዳው በዝቃጭ ሊደፈን ስለሚችል በየወሩ ይታይ።

ሦስተኛ፣ ቼክ ቫልቭ ይኑር፤ ነገር ግን እርሱ ብቻ መተማመኛ አይሁን። ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ይጠረግ።

አራተኛ፣ ጎማ በምንም ዕቃ ውስጥ ተነክሮ አይተው። በተለይ ምእመናን ጸበል የሚቀዱበት በርሜል ሲሞላ ጎማው ከበርሜሉ አፍ በላይ ይያዝ፤ ሲያበቃም ተጠቅልሎ ይሰቀል።

አምስተኛ፣ ፓምፕ በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ አይገጠም። የጎረቤትን ውሃ ከመሻማቱም በላይ የመስመሩን ግፊት አውርዶ ከየግቢው እድፍ ይስባል። ፓምፑ ውሃ መውሰድ ያለበት ከማጠራቀሚያው ብቻ ነው።

ሰውን ከመጠርጠር በፊት

ታንከር ያለምክንያት የሚጎድልበት አጥቢያ በቅድሚያ ይህን ይሞክር። ታንከሩን ሙሉ፤ ፓምፑን አቁሙ፤ ወደ ቤቶቹ የሚወርደውንም መውጫ ዝጉ። የውሃውን ልክ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ካለ ወይ ታንከሩ ያፈሳል፣ ወይ ውሃው በመጣበት ይመለሳል። የታችኛው ማጠራቀሚያ ከፍ ካለ ደግሞ መመለሱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ቼክ ቫልቭ አንዳንዴ ስለሚዘጋ ሙከራው በተለያዩ ቀናት ይደገም። ይህን የሚከታተል አንድ ሰው በሰበካ ጉባኤው ተመድቦ ውጤቱን በመዝገብ ቢያሰፍር መልካም ነው።

በጎፋው አጥቢያ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛው በታንከሩ ውስጥ የተቀበረውን ቧንቧ በመጋዝ ቆርጦ አሳጠረው፤ ቼክ ቫልቩንም ፈትቶ ጠረገው። ፓምፑ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ የቀረችው ጥቂት ውሃ ብቻ ተመለሰች፤ ታንከሩ ግን እንደሞላ አደረ። የሰበካ ጉባኤው አባላትም የጥበቃ ሠራተኛውን ጠርተው ይቅርታ ጠየቁት፤ ሊጻፍ የነበረው ቃለ ጉባኤም ሳይጻፍ ቀረ። አሁን ጠመኔውን ይዞ የውሃውን ልክ የሚከታተለው እርሱ ራሱ ነው።