የአካባቢ መስተዳድሮችን ከዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ካሳ መዋጮ ነፃ ማድረግ

የአካባቢ መስተዳድሮችን ከዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ካሳ መዋጮ ነፃ ማድረግ ማለት፣ በባሕር ወለል ላይ ነዳጅ የማውጣት ወይም ቧንቧ የመዘርጋት መብት ባላቸው ሁሉ ላይ ከሚጣል ክፍያ ከተሞችንና መሰል የመንግሥት አካላትን ማስወጣት ነው። ከክፍያው የሚጠራቀመው ገንዘብ፣ መረባቸው በውሃ ውስጥ በቀረ ብረት ተይዞ ለተቀደደባቸው የንግድ ዓሣ አስጋሪዎች ካሳ ይሆናል። ጉዳዩን ለመረዳት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የምትገኘው የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ጥሩ ምሳሌ ናት።

መነሻው

የሽሪምፕ ጀልባ መረቡን የሚጎትተው በባሕሩ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ጭቃው ውስጥ የተረሳ ቧንቧ ወይም ተቆርጦ የቀረ የጉድጓድ ብረት ካለ መረቡን ይዞ ያስቀራል። አስጋሪው የሚከስረው መረቡን ብቻ አይደለም፤ ሌላ እስኪገዛ ወይም እስኪጠግን ድረስ የሽሪምፑ ወቅት ያልፍበታል።

ከሉዊዚያና ዳርቻ ርቆ፣ የብስ ከማይታይበት ቦታ የመጀመሪያው የነዳጅ ጉድጓድ የተቆፈረው በ1947 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው በሺህ የሚቆጠሩ መድረኮች ተተክለዋል፣ ቧንቧዎችም ተዘርግተዋል። አንዳንዱ ኩባንያ ከስሯል፣ ሌላው ተሽጧል። ማዕበልም አለ፤ በ2005 ካትሪናና ሪታ የተባሉት አውሎ ነፋሶች ብቻ ከ100 በላይ መድረኮችን ገንድሰዋል። መረብ ሲቀደድ «የማን ብረት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፣ ተከሳሽ ከሌለ ደግሞ ክስ የለም። የካሳ ፈንድ የተፈጠረው ለዚህ ነው፦ ጥፋተኛው ባይታወቅም ከሥራው የሚጠቀሙት ሁሉ በጋራ ይክፈሉ የሚል ሐሳብ።

ሁለቱ ፈንዶች

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ፈንዱን ያቋቋመው በ1978 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ባለ ፈቃድ ለአንድ ሊዝ ወይም ለአንድ የቧንቧ መተላለፊያ መብት በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ እንዲከፍል አይገደድም። አስጋሪው ለጠፋበት ዕቃ ካሳ ያገኛል፣ ሥራ በመፍታቱ ካጣው ጠቅላላ ገቢም 50 በመቶው ይከፈለዋል። መሰናክሉ በባሕር ካርታ ላይ የተመዘገበ ወይም በተንሳፋፊ ምልክት የታወቀ ከሆነ ግን አስጋሪው ሊርቀው ይገባ ነበርና ካሳ የለም።

ይህ ፈንድ የሚሠራው በፌዴራል ውሃ ላይ ነው። በሉዊዚያና ከዳርቻው እስከ 3 የባሕር ማይል ያለው ውሃ የግዛቲቱ ስለሆነ፣ ሉዊዚያና በ1979 የራሷን ፈንድ አቋቁማለች። የነፃ መሆን ጥያቄ ትርጉም የሚኖረውም በዚህ በቅርቡ ውሃ ነው። ከባሕሩ ራቅ ብሎ የሚሠራ ከተማ የለም ማለት ይቻላል። በዳርቻው ግን የመጠጥ ውሃ መስመር፣ የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦና የጎርፍ መከላከያ ሥራ የግዛቲቱን የውሃ ወለል ያቋርጣሉ፤ እነዚህን የሚሠሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከተሞችና «ፓሪሽ» የሚባሉት መስተዳድሮች ናቸው። ፓሪሽ በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች «ካውንቲ» የሚባለው የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ ሉዊዚያና 64 ፓሪሾች አሏት።

ክርክሩ

ነፃ ይሁኑ የሚሉ ወገኖች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። የነዳጅ ኩባንያ ክፍያውን ከትርፉ ወይም ከምርቱ ዋጋ ላይ ያካክሳል። ከተማ ግን የሚከፍለው ከነዋሪው ከሰበሰበው ግብር ነው፤ ከነዋሪዎቹ አንዱ ያው ዓሣ አስጋሪው ነው። በዚህ ላይ፣ አንዱ የመንግሥት አካል ለሌላው ሲከፍል ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ከመዛወር ብዙ አያልፍም።

በሌላ በኩል መረብ የቧንቧን ባለቤት አይለይም። የከተማ ቱቦም ከጭቃው ብቅ ካለ እንደ ነዳጅ ቱቦ ይይዛል። አንዱ ሲወጣ የእሱ ድርሻ ወደ ቀሩት ይዞራል። ለማሳያ ብቻ፣ 1,000 ባለ መብቶች 400,000 ዶላር ማዋጣት አለባቸው እንበል፤ ለእያንዳንዱ 400 ዶላር ይደርሰዋል። ከእነሱ 50 መስተዳድሮች ነፃ ቢወጡ የቀሩት 421 ዶላር ገደማ ይከፍላሉ፤ ይህ የሚያከራክር አይመስልም። ችግሩ ያለው የኩባንያዎቹ ቁጥር ሲያንስ ነው። የሉዊዚያና የነዳጅ ምርት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በእጅጉ ቀንሷል። ሊዝ ሲዘጋ ክፍያው ይቆማል፣ ወለሉ ላይ የቀረው ብረት ግን እዚያው ነው። ከፋዩ እየሳሳ ሲሄድ 50ዎቹ ነፃ የወጡት ከትንሽ ቁጥር ላይ የሚቀነሱ ይሆናሉ፣ የቀሪዎቹም ሸክም ይከብዳል።

ከመዋጮ ነፃ መሆንና ከተጠያቂነት ነፃ መሆን

እነዚህ ሁለት ነገሮች በቀላሉ ይደባለቃሉ። መዋጮው ባለቤቱ ላልታወቀ ጉዳት የሚጠራቀም ገንዘብ ነው። ጉዳት ያደረሰው ቱቦ የከተማው መሆኑ ከታወቀ ነገሩ ከመዋጮ ይወጣና የመንግሥት አካላት በፍርድ ቤት ስለሚጠየቁበት ሁኔታ በሚደነግገው ሌላ ሕግ ይታያል። በፌዴራሉ ፈንድ አሠራር ደግሞ ካሳው ከተከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን የመክሰስ መብት ከአስጋሪው ወደ ፈንዱ ይተላለፋል፤ ባለቤቱ ዘግይቶም ቢገኝ ፈንዱ የከፈለውን ለማስመለስ ሊከሰው ይችላል።