ዕቃ ተሸክሞ በየሰው ደጅ እየዞሩ መሸጥ ይገባልን?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በወልድያ ከተማ፣ እንዲሁም በሀብሩ ወረዳ በመርሳና በአካባቢዋ ባለሱቆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ሲያነሡ ይሰማል። ይኸውም ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ የሶላር መብራት፣ የውሃ ማጣሪያና ይህን የመሰለውን ዕቃ ተሸክመው በየቤቱ እየዞሩ የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋልና፣ ይህ አሠራር ለንግድ ክብር ይስማማልን? የሚል ነው። እኩሌቶቹ «ፈጽሞ ይከልከልልን» ይላሉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ «እኛስ ሠራተኛ ቀጥረን ብንልክ ማን ይከለክለናል?» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ አቅራቢ የነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ የሁለቱንም ወገን ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ለክቡራን አንባቢዎች ለማስረዳት ይሞክራል።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። መኪና መንገድ ሳይኖር ሲራራ ነጋዴ ጨውንና አቡጀዲውን በአጋሰስ ጭኖ ገዢው ካለበት ይደርስ ነበር። ኋላም በከተሞቻችን ውስጥ መርፌውን፣ ክሩን፣ መስተዋቱንና ሽቶውን በሣጥን አድርጎ በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞረውን ሰው ሕዝቡ «ሱቅ በደረቴ» ብሎ ሰየመው፤ ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝለትም አይመስለኝም። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋና ጆግ የሚሰጠው ልዋጭ፣ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው ቆራሌም ከዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህን ሰዎች ማንም እንደ ነውረኛ አልቆጠራቸውም።

ነገር ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ልዋጩም ሆነ ቆራሌው የሰው በር አያንኳኳም። በመንገዱ ላይ እየሄደ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል እንጂ። የፈለገች እመቤት ከግቢዋ ወጥታ ትጠራዋለች፤ ያልፈለገችው ሥራዋን ትቀጥላለች፤ እርሱም ምንም ሳይከፋው ያልፋል። ምርጫው በሙሉ በገዢው እጅ ነው። የአሁኑ ሻጭ ግን በሩን አንኳኩቶ፣ ግቢ ገብቶ፣ ዕቃውን ዘርግቶ ይቀመጣል። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በመንገዱና በደጁ መካከል ባለችው በዚያች ጥቂት እርምጃ ላይ ነው።

በአገራችን ሰው ቤት የሚደርስ እንግዳ ከውጭ ሆኖ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ «ደጆች!» የሚል መልስ ካላገኘ አይገባም። በእስላም ቤትም ሰላምታ አቅርቦ ፈቃድ መጠየቅ፣ እስከ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ከታጣም መመለስ የሃይማኖቱ ትምህርት ነው። የወሎ ሰው ደግሞ ቤቱ የመጣውን ሰው «ሂድ» ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም። ቡና ተቆልቶ ከሆነ አቦሉን ሳይቀምስ አይሸኘውም። ስለዚህ ግቢ ገብቶ የተቀመጠ ሻጭ ዕቃውን የሚሸጠው በዕቃው ጥራት ብቻ አይደለም፤ በባለቤቲቱ ይሉኝታ ጭምር ነው። እመቤቲቱ ሳትፈልግ ትገዛለች፤ ማታ ባለቤትዋ ሲመጣ ጠብ ይነሣል፤ ዕቃው ይመለስ ቢባል ሻጩ የት እንዳለ አይታወቅም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ከእኛ ሱቅ መደርደሪያ ፊት አንዲት ሴት ቆማ፣ በሦስተኛው ቀን መብራቱን ያቆመ የሶላር መብራት አቅርባ ገንዘቧን ጠይቃናለች። የሸጠላት ልጅ «ከእነርሱ ሱቅ ነው የተላክሁት» ብሏት ነበር። እኛ ያን ዓይነት መብራት ሸጠን አናውቅም፤ ልጁንም አናውቀውም። ሴትዮዋ ግን አምና የሄደች አልመሰለኝም። ነጋዴ ብዙ ዓመት የደከመበትን ስም እንዲህ በአንድ ጧት ሊያጣ ይችላል።

አሁን ሕጉን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 13 የሰው መኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑንና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም ሊገባበት እንደማይችል ደንግጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን፣ በፈቃድ ገብቶ «ውጣ» ሲባል እምቢ ያለውንም ያስቀጣል። ስለዚህ ሻጩ በር ላይ ቆሞ መጠየቁ ወንጀል አይደለም፤ አልፈልግም ከተባለ በኋላ መቆየቱ ግን ሊያስከስሰው ይችላል። ዕቃውን «ለጊዜው ይቀመጥ፣ ነገ እመለሳለሁ» ብለው ትተው የሚሄዱና በማግሥቱ ዋጋ የሚጠይቁ ሰዎችም አሉ። ለእነዚህ የዚያው ሕግ ቁጥር 1682 በቂ መልስ ይሰጣል፤ ዝም ማለት እንደ መቀበል አይቆጠርምና። የቤቱ እመቤት ዕቃውን ከመመለስ በቀር ዕዳ የለባትም። ዕድሜው 18 ዓመት ካልሞላው ልጅ ጋር በር ላይ የተደረገ ውልም ሻጩን ወደ ክርክር የሚያስገባ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለባለሱቅ የሚጠቅመው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። በዚህ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ መሠረት ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት አለበት፤ በዕቃው ላይ ጉድለት ቢገኝም ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ ስሙና አድራሻው ከማይታወቅ፣ ደረሰኝ ከማይቆርጥ ሰው በር ላይ የተገዛ ዕቃ ይህን መብት ባዶ ያደርገዋል። 15 ቀን ቢሰጥ ማንን ፈልጎ ይጠይቃል? በዚሁ አዋጅ አንዱ ሰው ሌሎችን እያስገባ ከእነርሱ መመዝገቢያ ትርፍ የሚያገኝበት፣ በተለምዶ የፒራሚድ ሽያጭ የሚባለው ዘዴ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ «ዕቃ ግዛና ሌሎች አሥር ሰዎችን አምጣ» እያለ ከቤት ቤት የሚዞር ሰው ሲገኝ ከተራ አዟሪ ጋር መደባለቅ አይገባም።

በሌሎች አገሮችም ይኸው ጭቅጭቅ ነበረ። በአሜሪካ በዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት ግሪን ሪቨር በምትባል ትንሽ ከተማ ብዙዎቹ ነዋሪዎች የምድር ባቡር ሠራተኞች ስለ ነበሩ፣ ሌሊት ሠርተው ቀን ይተኙ ነበር። ሻጮች በር እያንኳኩ እንቅልፍ ስለ ነሷቸው በ1931 እ.ኤ.አ. ሳይጠሩት ቤት ለቤት የሚሸጥን ሰው የሚከለክል ደንብ ወጣ፤ ብዙ ከተሞችም ተከተሉት። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሉዊዚያና በቀረበለት ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለውን ደንብ አጸደቀ። ኋላ ግን መንገዱ ተለወጠ፤ ሽያጩን ከመከልከል ይልቅ ገዢው እንዲያስብበት ጊዜ መስጠት ተመረጠ። በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ደንብ ሦስት የሥራ ቀን፣ በ1985 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ማኅበር መመሪያ ሰባት ቀን፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ 14 ቀን ተሰጠ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገዢው ዕቃው ጉድለት ባይኖረውም እንኳ ሐሳቡን ቢለውጥ ሊመልስ ይችላል። የእኛ 15 ቀን ግን ጉድለት ለተገኘበት ዕቃ ነው። ሆኖም አስተዋይ ነጋዴ በደረሰኙ ላይ በገዛ ፈቃዱ «ዕቃው ሳይነካ እስከ ሦስት ቀን ይመለሳል» ብሎ ቢጽፍ የሚከለክለው የለም፤ ደንበኛውም በር ላይ ያለ ፍርሃት ይገዛል።

ሠራተኛ መላክ የሚፈልግ ነጋዴ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት፣ ልጁ በር ላይ ለሚያደርገው ነገር ኃላፊው ራሱ መሆኑን ነው። ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው እንደሚጠየቅ፣ ወኪል በተሰጠው ሥልጣን ልክ የተዋዋለውም ወካዩን እንደሚያስገድድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይናገራል። ስለዚህ ልጁ የሱቁ ስም፣ ፎቶግራፉና ማኅተሙ ያለበት መታወቂያ፣ የንግድ ፈቃዱ ቅጂና የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ ይውጣ። ዋጋው ከሱቁ ዋጋ የተለየ አይሁን። ገንዘቡ በቴሌብር የሚከፈል ከሆነ በነጋዴው ስም ይግባ እንጂ በልጁ ስልክ አይሁን።

ስለ ደመወዙም ትንሽ ማሰብ ይገባል። ለምሳሌ ብርድ ልብሱ 1,500 ብር ቢሸጥና ልጁ ከመቶ አሥር እንዲያገኝ ብቻ ቢዋዋል፣ አንድ ቢሸጥ 150 ብር ያገኛል፤ ምንም ካልሸጠ ግን ቀኑን ሙሉ ዞሮ ምሳውን እንኳ አያገኝም። እንዲህ ያለ ልጅ አመሻሽ ላይ በመጨረሻው ቤት ደጅ ሲደርስ ምን ዓይነት ሻጭ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ ይለምናል፣ ይዋሻል፣ አልወጣም ይላል። ቢያንስ የዕለት ጉርሱን የሚሸፍን ቁርጥ ደመወዝ ሰጥቶ ጥቂት መቶኛ መጨመር ለነጋዴውም ስም ይበጃል። ሰዓቱም ይለይ። የመርሳ ቀትር ሙቀት ሰውን ከጥላ ያስቀምጠዋል፤ በዓርብ የጁምዓ ሰዓትና በእሑድ የቅዳሴ ሰዓት ቤት የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው። ዱዓ ከተያዘበት ቤትና የለቅሶ ድንኳን ከተተከለበት ደጅ ዕቃ ይዞ መቆም ግን ነውር ነው፤ ይህን ለልጁ የሚነግረው ሰው መኖር አለበት።

«ኪራይና ግብር እየከፈልን ምንም የማይከፍል ሰው ደንበኛችንን ከቤቷ ይወስድብናል» የሚሉ ባለሱቆች እውነት አላቸው። ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ አቤቱታቸውን ለከተማው ወይም ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ። ዳሩ ግን ሁሉንም በአንድ ገመድ ማሠር አይገባም። ከገጠር ዕንቁላልና ወተት ይዛ የምትመጣ ሴት፣ ከመርሳ ብርቱካኑንና ማንጎውን በዘንቢል ይዞ የሚመጣ ገበሬ የእጁን ፍሬ ይሸጣል፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ እንኳ የእርሻውን ምርት የሚሸጠውን ገበሬ ከነጋዴ አልቆጠረውም ነበር። ደግሞም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ሱቆች መዘረፋቸውን ማንም አይረሳም። መደርደሪያው ባዶ የቀረበት ሰው ጥቂት ዕቃ ተበድሮ በትከሻው ተሸክሞ እንደገና ቢጀምር፣ እርሱን ከአጭበርባሪው ጋር ማባረር ጭካኔ ይሆናል። መንገዱ ፈቃድ እንዲያወጣ መርዳት ነው።

በውርጌሳ፣ በስሪንቃና በጊራና በኩል ያሉት የገጠር ቤቶች ተራርቀው የሚገኙ ስለ ሆነ፣ ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ በገበያ ቀን ከገበያው ዳር መቆም ወጪውም ያንሳል፤ ገበሬውም ከጎረቤቱ ተማክሮ ይገዛል። እስከ አዝመራ በዱቤ የሚሰጥ ዕቃ ካለ ግን ዋጋውና የመክፈያው ቀን በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችለውም በምስክር ፊት ተነቦለት አንዱ ቅጂ በእጁ ይቅር።

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ መታወቂያውንና የደረሰኙን ጥራዝ ተቀብሎ ማስቀረት ያስፈልጋል። የውክልናውን ማስረጃ ሳያስመልስ የቀረ ነጋዴ፣ ያ ሰው ከተሰናበተ በኋላ ለሚዋዋለውም አብሮ ሊጠየቅ እንደሚችል ሕጉ ያመለክታል። ልጁ ጠፍቶ መታወቂያውን ማስመለስ ካልተቻለም፣ መሰናበቱን በሱቁ በር ላይ ለጥፎ ማሳወቅና ልጁ ይዞርባቸው ለነበሩት ሰፈሮች ቀበሌ በደብዳቤ ማስታወቅ ይገባል።