ባለጌ ያልነው ልጅ ሕመምተኛ ቢሆንስ?



እስቲ አንድ ልጅ እናስብ። እናቱ ጨው፣ ቡናና ሳሙና ገዝቶ እንዲመጣ ማንኩሳ ገበያ ትልከዋለች፤ እርሱ ግን ጨው ብቻ ይዞ ይመለሳል። ትናንት በመድረሳ የቀራውን ዛሬ ሲጠየቅ ከነአካቴው እንዳልሰማው ይሆናል። በጥፋቱ ይገረፋል፤ በማግስቱ ያንኑ ጥፋት ይደግማል። ከፍ ሲል በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ ጓደኞቹ «አድርግ» ያሉትን ሁሉ ያደርጋል፤ ውሎ አድሮም በራሱ ተስፋ ይቆርጣል። እኛስ ምን እንለዋለን? ቀልበ ቢስ! ባለጌ! ዱርዬ!

የዚህ ዓይነቱ ጠባይ መነሻው ብዙ ሊሆን ይችላል። እምብዛም የማናስበው አንዱ ምክንያት ግን ልጁ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ አልኮል አንጎሉን ጎድቶት መሆኑ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ነፍሰ ጡር የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ደም ይገባል። የፅንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ አልኮሉን ቶሎ ሊያስወግደው አይችልም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሌሞይን እ.ኤ.አ. በ1968 በናንት ከተማ ስለ 127 እንዲህ ያሉ ልጆች ጽፎ ነበር። በ1973 ደግሞ አሜሪካውያኑ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ለሕመሙ ስም ሰጡት። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት እንደገመተው፣ በእርግዝና ጊዜ አልኮል ከሚጠጡ 13 ሴቶች መካከል የአንዷ ልጅ ይህ ጉዳት ይደርስበታል።

አንዳንዶቹ ልጆች የላይ ከንፈራቸው የሳሳ፣ ዓይናቸው ጠበብ ያለ ይሆናል። የአብዛኞቹ መልክ ግን ከሌላው ልጅ አይለይም። ሕመሙ ብልግና መስሎ የሚታየንም ስለዚህ ነው።

«እኛን አይመለከትም»?

በጎጃም ገጠር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ጠላ የድግስና የደቦ መጠጥ ነው። «አይጎዳም፣ ኃይል ይሰጣል» ተብሎ ለነፍሰ ጡር የሚቀዳበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን በጠላም ሆነ በጠጅ፣ በአረቄም ሆነ በቢራ ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ነው፤ ለፅንስ አይጎዳም የተባለለት መጠን የለም።

«እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእርግጥ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ የተደነገገው ክልከላ ታላቅ ጋሻችን ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ በየቤታችን የምናዘጋጀው ቀሪቦ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ሲሰነብት አልኮል ያበጃል፤ ነፍሰ ጡር እህታችን ብትተወው ይሻላታል። ሁለተኛ፣ መጠጥ ነውር መሆኑ አንዳንዷን እናት የሆነውን እንድትደብቅ ያደርጋታል፤ ሐኪሙም ሙስሊምነቷን አይቶ ሳይጠይቃት ያልፋል። በዚህ መሐል ተጎጂው ልጁ ነው!

ምን እናድርግ?

ይህን ሕመም ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ባለሙያው የሚደርስበት የእርግዝናውን ታሪክ፣ የልጁን አስተዳደግና ትምህርት ጠይቆ ነው። ስለዚህ ልጃችሁን በጭንቀት ወይም በድብርት ምክንያት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ስትወስዱ፣ ሳትጠየቁም ቢሆን ስለ እርግዝናው ወቅት ተናገሩ። ባሎችና አማቶችም እናቲቱን አትውቀሱ። ማርገዟን ሳታውቅ የጠጣች አለች፤ የተውበት በርም ክፍት ነው። በየትኛውም ወር መጠጥ ማቆም ለፅንሱ ይጠቅማል።

የተጎዳው አንጎል እንደ ጤነኛው ባይሆንም ልጁን ማገዝ ይቻላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እዘዙት። የዕለት ሥራውን በአንድ ሥርዓትና ሰዓት አድርጉለት። በቃል ከማስረዳት ይልቅ እያሳያችሁ አስተምሩት፤ ቢረሳ ያለ ቁጣ ድገሙለት። ኡስታዞችና መምህራን አለንጋውን አስቀምጡ፤ ግርፋት የማስታወስ ችሎታን አይጨምርም። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያም ረጅም ምክር ከመስጠት ይልቅ አጭርና ግልጽ ቃል ቢጠቀም፣ ከቤተሰቡም አንድ ሰው አብሮ ቢያስቀምጥ ይበጃል። ድብርቱም ሆነ ጭንቀቱ በራሱ ሊታከም የሚችል ነው።

ሕመሙ በጊዜ የታወቀለትና በተረጋጋ ቤት ያደገ ልጅ ከብዙ መከራ እንደሚድን ጥናቶች አሳይተዋል። ልጆቻችን ዘንድ ያለው «አልሰማም» ማለት ሳይሆን «አልቻልኩም» ማለት ሊሆን ይችላል። አላህ በአማናነት የሰጠንን ልጆች ሳንመረምር ከምንፈርድባቸው ይጠብቀን። አሚን!