በጎልማሳነት ዕድሜ ወደ ጤና ሙያ መግባት፦ ያለ ቀድሞ ልምድ ለሚጀምሩ ዜጎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በንግድ፣ በመምህርነት፣ በቢሮ ሥራ ወይም በሾፌርነት ለዓመታት ሲተዳደሩ ቆይተው፣ በ35 ወይም በ45 ዓመት ዕድሜያቸው ወደ ጤናው ዘርፍ ለመግባት የሚያስቡ ዜጎች አሉ። የጤና ሥራ ልምድ አለመኖር በራሱ ከዘርፉ አያግድም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ማሳያ ነው። በገጠር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከየማኅበረሰባቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ያህል ከሠለጠኑ በኋላ በየቀበሌው ተመድበዋል፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደርሷል። የምልመላው መስፈርት የጤና ሥራ ልምድ አልነበረም። ለሥራው ያበቃቸው ደረጃውን የጠበቀ ሥልጠና ነው።

በጎልማሳነት ዕድሜ ሙያ የሚቀይር ሰው በአብዛኛው የሚጎዳው ቅደም ተከተሉን ሲስት ነው። ማስታወቂያ አይቶ ይመዘገባል፣ ክፍያ ይፈጽማል፣ ሥራውን ይለቃል፤ የያዘው የምስክር ወረቀት የሙያ ፈቃድ የሚያሰጥ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቀው ግን በመጨረሻ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የዚህን ስሕተት ዋጋ በቀላሉ አይተካውም። ስለሆነም ጉዳዩ ከመጨረሻው መጀመር ይኖርበታል፦ በቅድሚያ የሚፈለገውን ሥራ መለየት፣ ቀጥሎ ሥራው የሚጠይቀውን ፈቃድ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ፈቃድ የሚያደርሰውን ሥልጠና መምረጥ።

ሁለቱ የሥራ ዓይነቶች

በጤና ተቋም ውስጥ ያለ ሥራ ሁሉ የጤና ሙያ አይደለም። በካርድ ክፍል፣ በሒሳብ፣ በንብረት ክፍል፣ በአምቡላንስ ሾፌርነት፣ በጽዳትና በልብስ ንጽሕና የሚሠሩ ሠራተኞች የሆስፒታሉ አካል ቢሆኑም የጤና ባለሙያ ፈቃድ አይጠየቁም። በእነዚህ የሥራ መደቦች በሌላ መሥሪያ ቤት የተገኘ ልምድ ሊያገለግል ይችላል። ለዓመታት በሒሳብ ሠራተኝነት የቆየ ሰው እንደ አዲስ ጀማሪ ሳይቆጠር በሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ሊወዳደር ይችላል። ከጤና ተቋም የዕለት ተዕለት ሥራ ጋር ለመተዋወቅም ይህ መንገድ ይጠቅማል።

ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ሥራ፣ ሕክምናና የመሳሰሉት ግን ያለ ምዝገባና ያለ ሙያ ፈቃድ ሊሠሩ አይችሉም። ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት የሚሰጡ የአረጋውያን እንክብካቤና የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠናዎች የራሳቸው ጥቅም አላቸው። ሆኖም ሠልጣኙን ነርስ አያሰኙትም፤ መርፌ ለመውጋትም ሆነ መድኃኒት ለማደል ሥልጣን አይሰጡትም።

ከፈቃዱ ወደ ሥልጠናው

ወደ ሙያ ፈቃድ የሚያደርሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲሆን፣ ሠልጣኙ የደረጃውን ሥልጠና ካጠናቀቀ በኋላ በተለምዶ «ሲኦሲ» ተብሎ የሚጠራውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ይጠበቅበታል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ሁለተኛው የዲግሪ ትምህርት ነው። የዲግሪ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። በተለያዩ የጤና ሙያዎች ከሚመረቁት ደግሞ ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተናን እንዲያልፉ ይጠየቃል።

ከመመዝገብ በፊት የሥልጠና ተቋሙ የዕውቅና ፈቃድ መመርመር አለበት። ዕውቅና በጥቅሉ ለተቋሙ ስም አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ተለይቶ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ነው። አንድ ኮሌጅ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በነርሲንግ አለው ማለት አይደለም፤ በአንድ ከተማ ያለው ዕውቅናም በሌላ ከተማ ለከፈተው ቅርንጫፍ አያገለግልም። ስለዚህ ጥያቄው «ኮሌጁ ዕውቅና አለው ወይ?» ከሚለው አልፎ «ይህ ፕሮግራም፣ በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ ዓመት ዕውቅና አለው ወይ?» የሚል መሆን ይኖርበታል። ምላሹን ከተቋሙ መዝጋቢ ብቻ መቀበል በቂ አይደለም። ዕውቅናውን ከሰጠው የመንግሥት አካል፣ ማለትም ለከፍተኛ ትምህርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ደግሞ በክልሉ ወይም በከተማ አስተዳደሩ ሥልጣን ከተሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የቆየ የትምህርት ማስረጃ

ከዓመታት በፊት ትምህርት ያቋረጡ አመልካቾች በእጃቸው ያለው ማስረጃ በቀድሞው የትምህርት ሥርዓት የተሰጠ ሊሆን ይችላል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአሁኑ የመግቢያ መስፈርት በ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ ያተኩራል። የቀድሞው ውጤት በየትኛው ደረጃ እንደሚያስገባ በዓመቱ የሥልጠና መግቢያ መመሪያ ስለሚወሰን፣ ሌላ ወጪ ከማውጣት በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል። የጠፋ ወይም የተበላሸ የፈተና ውጤት ማስረጃ ያላቸው ሰዎች ጉዳያቸውን ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ማቅረብ ይችላሉ።

የማታ ትምህርትና የተግባር ልምምድ

ብዙ አመልካቾች ቀን እየሠሩ ማታ ለመማር ያቅዳሉ። የክፍል ትምህርቱ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ሊሰጥ ይችላል። የተግባር ልምምዱ ግን የጤና ተቋሙን የሥራ ሰዓት ይከተላል፤ የቀንም የሌሊትም ተራ ሊኖረው ይችላል። ከምዝገባ በፊት ልምምዱ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚጀመር፣ ስንት ሳምንት እንደሚወስድና በየትኛው ሆስፒታል እንደሚደረግ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቤተሰብ ገቢ የሚቋረጠው በዚህ ወቅት በመሆኑ፣ መጠባበቂያ ገንዘብ የሚያዘው ለትምህርት ክፍያው ብቻ ሳይሆን ለእነዚህ ወራትም ጭምር ነው።

ሠልጣኞች የጉበት በሽታ ቢ ክትባትን ልምምድ ከመጀመራቸው አስቀድመው እንዲጀምሩ ይመከራል። የተለመደው መርሐ ግብር ሦስት ዶዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ይሰጣል።

በልምምድ ላይ የ43 ዓመት ሠልጣኝ የ26 ዓመት ተቆጣጣሪ ሊመደብለት ይችላል። ወጣቱ ተቆጣጣሪ ታላቁን «አንቱ» ማለቱ ነውር የለውም። ይሁንና አክብሮቱ ስሕተትን ከማረም ሊያግደው አይገባም፤ ሠልጣኙም እርማቱን እንደ ድፍረት ሊቆጥረው አይገባም። ያልታረመ ስሕተት የሚጎዳው በሽተኛውን ነው።

የአገልግሎት ዘመንና ጡረታ

የጡረታ መውጫ ዕድሜ በመደበኛነት 60 ዓመት ሲሆን፣ የአገልግሎት ጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በ42 ዓመቱ የ3 ዓመት ሥልጠና የጀመረ ሰው በ45 ዓመቱ ቢቀጠር በሙያው 15 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። በ48 ዓመቱ ተመሳሳይ ሥልጠና የጀመረ ሰው ግን የሚቀረው 9 ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ የቀድሞ አገልግሎቱ መያዝ አለመያዙ ወሳኝ ይሆንበታል። ስለዚህ የቀድሞ ሥራን ከመልቀቅ በፊት የጡረታ መዋጮ በትክክል ገቢ መደረጉን ማረጋገጥና የአገልግሎት ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኞችም ሆኑ የግል ድርጅት ሠራተኞች ይህን በየራሳቸው የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር መጠየቅ ይችላሉ። በሥራ ውል የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲለቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ መስጠት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም።

ከመወሰን በፊት መሟላት ያለባቸው

አመልካቹ ገንዘብ ከመክፈሉና ሥራውን ከመልቀቁ በፊት የሚከተሉት አምስት ነገሮች በእጁ ሊኖሩ ይገባል፦

1. የሚፈልገው የሥራ መደብ ስምና ሥራው የሚጠይቀው የፈቃድ ዓይነት፣ ከክልሉ ጤና ቢሮ የተረጋገጠ፤
2. የፕሮግራሙ፣ የደረጃውና የካምፓሱ ዕውቅና፣ ከሰጪው አካል የተረጋገጠ፤
3. የቀድሞ የትምህርት ማስረጃው በመግቢያ መስፈርቱ ተቀባይነት ያለው ስለመሆኑ የተሰጠ ምላሽ፤
4. የተግባር ልምምዱ ጊዜና ቦታ፣ ለእነዚያ ወራት ከተያዘ የቤተሰብ ወጪ ጋር፤
5. የቀድሞ አገልግሎቱን የሚያሳይ የጡረታ ማስረጃ።

ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ምዝገባውን ለቀጣዩ የትምህርት ዘመን ማቆየት ይሻላል። አንድ ዓመት መዘግየት ሊካስ ይችላል፤ ፈቃድ በማያሰጥ ሥልጠና ላይ የዋለ ሦስት ዓመት ግን አይመለስም።