ፋይሉ በምን ተጻፈ?

የአማርኛ ጽሑፍ ነው የተባለ ፋይል ይከፈታል። «ሰላም» መባል በነበረበት ቦታ ግን ጭረትና ነጥብ የተደረበባቸው የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል። ፋይሉ ላይ ምንም አልደረሰም፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው፤ የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚናገረው የኮድ ሠንጠረዥ ነው። «ሰላም» ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሠንጠረዥ ሲጻፍ ዘጠኝ ባይት ይወስዳል፦ 225፣ 136፣ 176፤ 225፣ 136፣ 139፤ 225፣ 136፣ 157። ሦስት ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ሰ፣ ላ፣ ም ይወጣሉ። በቀድሞው የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻው ስለሚነበብ ዝብርቅርቁ ይፈጠራል። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሣጥን ከታየ ነገሩ ሌላ ነው፤ ንባቡ ትክክል ሆኖ ፎንቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ተራ የጽሑፍ ፋይል በየትኛው ሠንጠረዥ እንደተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። ስለዚህ መገመት ግድ ይላል። የኔትስኬፕ ባለሙያዎች የነበሩት ሻንጂያን ሊ እና ካትሱሂኮ ሞሞይ እ.ኤ.አ. በ2001 ግምቱን በሦስት ጥያቄዎች አዋቀሩት፦ ባይቶቹ የሠንጠረዡን ሕግ ይጠብቃሉ? ፊደላቱ በቋንቋው የተለመደውን ያህል ይደጋገማሉ? የትኛው ፊደልስ የትኛውን ይከተላል? ዘዴው በሞዚላ ብራውዘር ሥራ ላይ ዋለ፤ ማርክ ፒልግሪም ደግሞ ወደ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አምጥቶ ቻርዴት የተባለውን ላይብረሪ ሠራ።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ፓይተን ባለበት ኮምፒውተር፣ በትእዛዝ መስጫው መስኮት «ፒፕ ኢንስቶል ቻርዴት» የሚለውን በላቲን ፊደል መጻፍ ይበቃል። ከዚያ «ቻርዴቴክት» ብሎ የፋይሉን ስም ማስከተል ነው። መልሱ የሠንጠረዡን ስምና ከ0 እስከ 1 የሚደርስ የእርግጠኝነት መጠን ይዞ ይመጣል። በፕሮግራም ውስጥ የሚጠቀምበት ሰው ፋይሉን በጥሬ ባይትነቱ ማስገባት አለበት፤ አስቀድሞ ወደ ፊደል የተቀየረ ጽሑፍ ሲሰጠው ላይብረሪው ስህተት ብሎ ይመልሰዋል።

የጽሑፉ ርዝመት ለውጥ ያመጣል። በቻርዴት 5 ሦስት ፊደል ብቻ ያለው «ሰላም» 0.87 ገደማ ያገኛል፤ ከስድስት የግዕዝ ፊደል ጀምሮ ቁጥሩ 0.99 ይደርሳል።

የሚከብደው ዩቲኤፍ-8 ከተመሠረተበት ከዩኒኮድ በፊት የተለቀመ የአማርኛ ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ይሥሉት ነበር። በእነሱ የተለቀመ ደብዳቤ ለቻርዴት የላቲን ጽሑፍ ነው፤ የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ብሎ ቢመልስ አይገርምም። የሚበጀው ሰነዱን የለቀመውን ሰው ፈልጎ የፎንቱን ስም መጠየቅና ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዞር ነው።