የውሃ መሳቢያ ሞተርን ለክረምት ስለ ማሳደር

በፎገራ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር፣ በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ ዝናም ሲጥል የቤንዚን ሞተሩን ከቤቱ ጥግ ያሳርፈዋል። ከክረምት በኋላ ችግኙ ሲጠማ ሞተሩ አልነሣ ቢል ሠሪውን ይወቅሳል፤ ነገር ግን በውስጡ የተረሳው ቤንዚን ከርሞ እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ደፍኖት ይሆናል። ስለዚህ የወረዳው ሹም በግንቦት አስቀድሞ ሊያሳስብ ይገባዋል። ቤንዚኑ ሞተሩ በርዶ ሳለ ከሰልባትዮው ይቀዳ፤ የቀረውንም ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ዘይቱ ሳይበርድ ይለወጥ። ኋላም ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ይጨመርና ገመዱ በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳብ፤ ሲሊንደሩ ከዝገት ይጠበቃል። በፓምፑ ሆድ ያደረው ውሃም ይፍሰስ። የተቀዳው ቤንዚን ግን ምድጃ ካለበት ቤት ከቶ እንዳይገባ።